ለስንብት የትኛው ዘመድ ጋ ልሂድ? ለማንስ ልንገር?

የሳሪሷ፦

ጤና ይስጥልኝ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት፤ ረዘም ካለ ታገሡኝ።

ከባለቤቴ ጋር ለመኖር ወደ ካናዳ፣ ካልጋሪ ልሄድ ነው። ጉዳዩ ከተጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ አሁን ቪዛው ፓስፖርቴ ላይ ተለጥፎ እጄ ገብቷል። የቪዛው ማብቂያ ቀን ከጤና ምርመራው ቀን ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ምርመራውን ደግሞ ቀደም ብዬ ስለጨረስሁ፣ እስከ መስከረም መጨረሻ መግባት አለብኝ። ዛሬ ፍልሰታ ገና መያዙ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ቀኑን ወደ ላይም ወደ ታችም ደምሬዋለሁ፤ አይበቃም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ ኦዲተሮች ቢሮአችን ገብተዋል። መዝገቡን ሳላስረክብ የመልቀቂያ ደብዳቤ አላገኝም፤ ስለዚህ የቀረኝ የዓመት ፈቃዴና ቅዳሜ እሑድ ብቻ ነው።

ዘመዶቼ ደግሞ አንድ ቦታ የተሰበሰቡ አይደሉም። የእናቴ ወገን አሰላ ነው። አያቴ እዚያ አለች፤ እግሯ ከቤት አያስወጣትም፣ ጆሮዋም ደክሟል። የአባቴ ወገን ሐይቅ ነው፣ ከደሴ አለፍ ብሎ። ዩኒቨርሲቲ አብራኝ የተማረችው፣ ሚዜዬ የነበረችው ጓደኛዬ ሐዋሳ ናት። አዲስ አበባ ውስጥ ያሉትን ደግሞ ባልቆጥራቸው ይሻላል። ከሳሪስ ኮተቤ ደርሶ፣ ቡና እስከ በረካ ጠጥቶ፣ ምሳ አልበላሽም ተብሎ ተቆጥተውት መመለስ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። ኮልፌም አየር ጤናም ሰው አለኝ።

የቀኑ ጉዳይ ይህ ነው። እንቅልፍ የነሡኝ ግን ሌሎች ሦስት ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው እናቴ ናት። «አውሮፕላን ሳትሳፈሪ አንድ ሰው እንዳይሰማ» ብላለች። ቪዛው እጄ ላይ እያለ እንኳ ትፈራለች። ከጎረቤታችን ልጆች አንዷ ሽኝት ተደርጎላት፣ ድንኳን ተጥሎ፣ በግ ታርዶ፣ ከዚያ ጉዞዋ ተሰናክሎ ዓመት ሙሉ ከቤት መውጣት አፍራ ነበርና እናቴ ያንን አልረሳችም። እንዴት ነው ታዲያ ሳልናገር የምሰናበተው? «ሰላም ልላችሁ ብቻ ነው የመጣሁት» ብዬ አሰላ ድረስ ብሄድ ማን ያምነኛል?

ሁለተኛው አያቴ ናት። አጎቶቼ ተመካክረው «ለእሷ አይነገርም፤ ሥራ ወደ ሐዋሳ ተዛውራለች እንላታለን» ብለዋል። ልቧ አይችለውም ነው የሚሉት። እኔ ደግሞ ዓይኗን እያየሁ ስለ ሐዋሳ አየር ጠባይ ማውራት አልችልም።

ሦስተኛው የሐይቋ አክስቴ ናት፤ የአባቴ ታላቅ እህት። አባቴ ካረፈ ወዲህ በቤት ጉዳይ ከእናቴ ጋር ተቀያይመዋል። እናቴ «እዚያ ከሄድሽ የእኔን ቂም ንቀሽው ነው» ትላለች። ይህች አክስቴ ግን ሕፃን ሆኜ ክረምቱን በሙሉ እሷ ዘንድ ያሳለፍሁባት፣ ጠጉሬን የሠራችኝ ሰው ናት። ሙስሊም ናት፤ እኛ ቤት ግማሹ እንዲያ ግማሹ እንዲህ ነው፣ የወሎ ሰው ይገባዋል። መንገዱም ያሳስበኛል።

በዚህ ያለፋችሁ፣ ወይም ሰው ሸኝታችሁ የቀራችሁ፣ እንዴት አደረጋችሁ? «ሁሉም በስልክ ይበቃል» የምትሉኝ ካላችሁ አመሰግናለሁ፤ ያንን ባለቤቴም ነግሮኛል።


የዕቁብ ዳኛ፦

እንኳን ደስ ያለሽ። ስለ ዘመዶችሽ ከእኔ የተሻሉ ሰዎች ይመክሩሻል፤ እኔ ያልጻፍሽውን ልጠይቅሽ። ዕቁብ አለሽ?

የሒሳብ ሠራተኛ ከሆንሽ የመሥሪያ ቤት ዕቁብ አይጠፋሽም። ዕጣው ያልደረሰሽ ከሆነ ቀላል ነው፤ ዕጣሽን ለሌላ ትሸጫለሽ ወይም ሰው ትተኪያለሽ። በልተሽ ከሆነ ግን የቀረውን ክፍያ እስከ መጨረሻው የሚጥልልሽን ሰው ከዋሶችሽ ጋር አስቀምጠሽ፣ ለዳኛው ራስሽ ሄደሽ ንገሪው። ከአክስትም ከአጎትም በፊት። እኔ ዳኛ ሆኜ ብዙ ጊዜ ያየሁት ነው፤ ሰውዬው ክፍያውን ሊያቋርጥ አስቦ አይደለም፣ ወንድሙን አዝዟል፣ ነገር ግን መሄዱ ከሌላ አፍ ሲሰማ «በልቶ ጠፋ» ይባላል። ከዚያ በኋላ ወንድሙ በየሳምንቱ እየከፈለ እንኳ ሐሜቱ አይነሣም። ዋስ የሆኑልሽ ሰዎች ደግሞ ፊታቸው ይጠቁራል።

ዕድሩም እንዲሁ ነው። በእናትሽ ስም ከሆነ ምንም የለብሽም። በራስሽ ስም ከሆነ ግን ጸሐፊውን አነጋግሪ፤ ብዙ ዕድሮች በተወካይ ክፍያው ከቀጠለ አባልነቱን አይሰርዙም፤ መተዳደሪያ ደንባችሁን እይ።

እናትሽ ስለ ዝምታው ያሉትን ግማሹን እቀበላለሁ። ድንኳን አትጣሉ። ያለ ድንኳን መሰናበት ግን ይቻላል።


የደሴ መስመር፦

በዚህ መስመር ብዙ ዓመት ነድቻለሁ፣ ስለዚህ ስለ መንገዱ ብቻ ልናገር።

አዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኪሎ ሜትሩ ግን አያታልልሽ። ደብረ ብርሃን 130 ነው፣ እስከዚያ ሜዳ ነው። ከዚያ ጣርማ በር ሲደረስ በነሐሴ ጉሙ ከፊትህ ያለውን መኪና መብራት እንኳ ይውጠዋል፤ ዋሻውን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለቱ በዝናብ ቀን ቀልድ አይደለም። ሸዋ ሮቢትና ከሚሴ ሙቀት ነው። ኮምቦልቻ ደርሰሽ ደግሞ ሐረጎን መውጣት አለ፤ ደሴ ከላይ ናት።

የጸጥታው ነገር በየጊዜው ይለዋወጣል። ባለፈው ሳምንት ያለፈ ሰው የነገረሽ ለዚህ ሳምንት አይሠራም። ከመነሣትሽ በፊት በዋዜማው ማታ ሐይቅ ላሉት ዘመዶችሽ ደውዪ፤ በነጋታው ጠዋት ደግሞ መናኸሪያ ያሉ ሹፌሮችን ጠይቂ። እነሱ ካልወጡ አንቺም አትውጪ። ማታ አትጓዢ፣ ማንም «አቋራጭ አለ» ቢልሽ አትስሚ። ገንዘብ ካለሽ ግን እኔ ሹፌሩ ራሴ የምልሽ በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ድረስ ሂጂ ነው። ከዚያ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከደሴ ሐይቅ ደግሞ 30 ገደማ ነው። ልትሳፈሪበት የተዘጋጀሽውን ትልቁን በረራ በመንገድ መዘጋት እንዳታጪው፣ የሰሜኑን ጉዞ ለመስከረም አታቆዪው። አስቀድሚው።

አሰላ ቀላል ነው። በፍጥነት መንገዱ አዳማ፣ ከዚያ በኢተያ በኩል፣ በጠቅላላው 175 ኪሎ ሜትር ነው። ማለዳ ከወጣሽ ምሳ እዚያ ነሽ። ሐዋሳ 275 ነው፣ አቅጣጫው ሌላ ነው፤ ከአሰላ ጋር በአንድ ጉዞ አጣምሬ እመለሳለሁ ብለሽ አትድከሚ። ጓደኛሽ ጤነኛ ከሆነች እሷ ትምጣ።


በረዶ የለመደ፦

ካልጋሪ ነኝ እህቴ፤ እንኳን በደህና መጣሽ ልበልሽ ከአሁኑ። መስከረም መጨረሻ ከሆነ ወፍራም ካፖርትሽን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅሽ ያዢ፤ በዚያ ሰሞን በረዶ ሊጥል ይችላል።

ሰው የማይነግርሽን ልንገርሽ። ለስንብት በሄድሽበት ቤት ሁሉ ሁለት ነገር ይሰጥሻል፤ ምርቃትና ዕቃ። ምርቃቱን ተቀበዪ። ዕቃውን መዝኚ። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደዚህ የሚፈቀድልሽ እያንዳንዱ 23 ኪሎ የሆነ ሁለት ሻንጣ ነው። አሰላ ስትሄጂ ጭኮ፣ ሐይቅ ስትሄጂ ማርና በርበሬ፣ ኮተቤ ደግሞ ሽሮ፤ የአንቺ ልብስ የቱ ጋ ሊገባ ነው? በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ ችግር የለባቸውም። ቋንጣ ግን አታምጪ፤ ሥጋ ነው፣ ይወሰድብሻል። የያዝሽውን ምግብ ሁሉ በመግቢያው ላይ አስታውቂ። አስታውቆ የሚወሰድበት ሰው ዕቃውን ብቻ ያጣል፤ ደብቆ የሚገኝበት ግን ይቀጣል።

«ቶሮንቶ ላለው ልጄ ይህቺን ብቻ አድርሺልኝ» የሚልሽ ዘመድ አይጠፋም። ቶሮንቶና ካልጋሪ በአውሮፕላን አራት ሰዓት ይራራቃሉ። ይህን አስረጂ። የታሸገና የተሰፋ ነገር ደግሞ ከማንም አትቀበዪ፤ ከአጎትሽም ቢሆን ከፍተሽ እዪ። ክፉ አስበው ሳይሆን ምን እንዳለበት እነሱም አያውቁትም።

ወርቅ የሚሰጥሽ ካለ፣ ለምሳሌ አያትሽ ያጠለቀችውን አውልቃ ልትሰጥሽ ትችላለች፣ ፎቶ አንሥተሽ ከነዋጋ ግምቱ ዝርዝር ውስጥ አስገቢው። አዲስ ነዋሪ ሆነሽ ስትገቢ ይዘሽ የመጣሽውንም ወደ ፊት የሚከተልሽንም ዕቃ በዝርዝር ጽፈሽ ለጉምሩክ ሠራተኛው ታሳዪያለሽ። ያልተዘረዘረ ዕቃ ኋላ ሲመጣ ቀረጥ ሊያስከፍል ይችላል።

ስልክ አይበቃም ያልሽው ልክ ነው፤ ነገር ግን ለስልኩም አሁኑኑ አዘጋጂላቸው። በየቤቱ ስትሄጂ አያትሽን የሚያገናኝሽ ማን እንደሆነ፣ ስልኩ የማን እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ቁርጥ አድርጊ። አሰላ ላይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን እዚህ በነሐሴ የቀደመው ቀን ምሽት 4 ሰዓት ነው፤ ክረምቱ ሲገባ ልዩነቱ ከዘጠኝ ወደ ዐሥር ሰዓት ከፍ ይላል። «ሲመቸኝ እደውላለሁ» ያለ ሰው አይደውልም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ያለ ይደውላል።

የትምህርት ማስረጃሽንም እዚያው ሳለሽ ጨርሺ። ዩኒቨርሲቲው ራሱ በቀጥታ የሚልከው ነው፤ ከዚህ ሆኖ በሰው ማስላክ ያስለቅሳል። ለእህት ወይም ለወንድም ውክልና የምትሰጪ ከሆነም ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደሽ አሁን ስጪ፤ እዚህ ከሆነ ጉዳዩ እስከ ኦታዋ ኤምባሲ ይሄድና ተመልሶ አዲስ አበባ ላይ እንደገና ይረጋገጣል።


አፌን የያዝሁ፦

እኔ ከእናትሽ ጋር ነኝ። ለማንም አትንገሪ። አዎ፣ ይቀየማሉ፤ ቅያሜው ግን የመጀመሪያዋን ገንዘብ እስክትልኪ ድረስ ነው። ብትነግሪያቸው ግን ከዛሬ ጀምሮ አንዱ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ አንዱ የጣሪያ ቆርቆሮ፣ አንዱ «እኔንም ውሰጂኝ» ይልሻል። ገና ሥራ እንኳ ሳትይዢ ባለዕዳ ትሆኛለሽ። አያትሽን ብቻ እዪ፣ ሌላው ፎቶሽን ሲያይ ይወቅ።


ጡረተኛዋ መምህር፦

የምጽፈው ከደሴ ነው። እኔ ሄጄ አላውቅም፤ የምሰናበት ሳልሆን የሚሰናበቱኝ ሰው ነኝ። ሁለቱ ልጆቼም፣ የእህቶቼ ልጆችም፣ ያስተማርኋቸውም በዚህ ቤት በር አልፈው ሄደዋል። ስለዚህ ልጄ፣ ከዚህ ከቀሪዎቹ ወገን ያለውን ልንገርሽ።

አፌን የያዝሁ ለሚባለው ልጅ፦ ገንዘቡ ቅያሜን አይጠግንም። ገንዘቡን እንቀበላለን፤ ቅያሜውንም እናስቀምጣለን። ሁለቱ የተለያየ ሣጥን ውስጥ ነው የሚቀመጡት። ይለምኑሻል ያለው ግን እውነት አለው፤ መድኃኒቱ ተስፋ አለመስጠት ነው። «ስደርስ እልክልሻለሁ» አትበዪ፣ ለማንም። ከላክሽ በድንገት ላኪ።

አንድ የወንድሜ ልጅ ሊሰናበተኝ የመጣው ባጃጁን ሞተሩ ሳይጠፋ በር ላይ አቁሞ ነው። ቆሞ ሳመኝ፣ ኬክ አስቀመጠ፣ «ገና ስድስት ቤት ይቀረኛል» አለኝ። እንዲያው ባይመጣ ይሻለው ነበር፤ ከቤቶቹ እንደ አንዱ የተቆጠርሁትን እንጂ መምጣቱን አላስታውስም። የእህቴ ልጅ ደግሞ በስንቱ ቤት ሳትደርስ ቀረች። እኔ ዘንድ ግን አደረች። ማታ ሽንኩርት አብራኝ ከተፈች፣ ጠዋት በርበሬዬን ይዛ አብራኝ ወፍጮ ቤት ሄደች፣ ወረፋ ስንጠብቅ የባሏን ጠባይ ነገረችኝ። ለምን እንደምትሄድ፣ ምን እንደምትፈራ አወቅሁ። አሁን ስትደውል የማወራው አለኝ።

ስለዚህ ዝርዝርሽን ቁረጪ። በእግርሽ ሄደሽ ማየት ያለብሽ እነማንን መሰለሽ? ወደ አንቺ መምጣት የማይችሉትን። አልጋ የያዙትን። ያልደረስሽው ለቅሶ ያለባቸውን፣ ምክንያቱም «ሳትሰናበት ሄደች» ይረሳል፣ «ለቅሶዬን ሳትደርስ ሄደች» አይረሳም። አዲስ አበባ ያሉትን ጤነኞች በሙሉ አንድ እሑድ እናትሽ ቤት ቡና ጥሪያቸው፤ ድንኳን የለም፣ በግ የለም፣ ቡናና ዳቦ። ለእናትሽም ይህን በያቸው፤ የእርስዎን ፍርሃት አልናቅሁም፣ ድግሱን ነው የተውሁት ብለሽ። የአዲስ አበባውን ጥሪ ለመጨረሻው ሳምንት አድርጊው፤ ያኔ ወሬው የሚሮጥበት ቦታ አያገኝም።

አያትሽን አትዋሺ። አጎቶችሽ በቅን ልብ ነው፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ውሸቱን የሚሸከሙት እነሱ አይደሉም፤ ቤት ውስጥ ያሉ ልጆች ናቸው። አንድ ቀን አንዱ ሕፃን «የካናዳዋ ደወለች» ይላል። ያኔ አሮጊቷ መሄድሽን ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡ በሙሉ ተማክሮ እንዳታለላት ታውቃለች። የሰማንያ ዓመት ሰው ልጅ ቀብሯል፣ ረሃብ አይቷል፣ ልቡ የሚችለውን አንቺ አትለኪለትም። ጆሮዋ ስለደከመ በሰው ፊት አትጩኺባት፤ ለብቻዋ ሆነሽ፣ ወደ ጆሮዋ ቀርበሽ፣ ባልሽ ማን እንደሆነ፣ የት እንደምትኖሪ ንገሪያት። ታለቅሳለች። ከዚያ ትመርቅሻለች። ሳታውቅ ሐዋሳ ለሄደች ልጅ የሚመረቀውና ባሕር ለምትሻገር የሚመረቀው አንድ አይደለም፤ ሙሉውን ምርቃት ለምን ታስቀሪያለሽ?

አሁን ሐይቅ። ሂጂ፤ ይህን ሳላመነታ ነው የምልሽ። ለእናትሽ ነግረሽ ሂጂ፣ ሰርቀሽ አትሂጂ። «ለአባቴ ወገን እሰናበታለሁ እንጂ ስለ ቤቱ አፌን አልከፍትም» በያቸው፣ ከዚያም በእርግጥ አትክፈቺ። አክስትሽ ነገሩን ሊያነሡት ይችላሉ። «የትልልቆቹን ጉዳይ ለትልልቆቹ ትቻለሁ» ብለሽ ወደ ሌላ ጨዋታ ግቢ። ሽማግሌ ልሁን እንዳትዪ! ሊሄድ ሁለት ወር የቀረው ሰው የጀመረውን ዕርቅ አይጨርስም፤ ግማሽ ዕርቅ ደግሞ ከቂም ይብሳል።

ደግሞ ሐይቅን በጾሙ ሂጂ። ሹፌሩ አስቀድሚው ያለው በመንገዱ ነው፤ እኔ በማዕዱ ነው። አክስትሽ ሙስሊም ከሆኑ ከጾሙ በኋላ ብትሄጂ አንድ በግ ለማረድ ክርስቲያን ጎረቤት ሊጠሩልሽ ነው፣ ለእርስዎ ሌላ ለእኔ ሌላ ሊሆን ነው፣ ወጪውም ብዙ ነው። ወሎ ይህን ሲያደርግ ኖሯል፣ ለማንም አይከብድም፤ ነገር ግን በፍልሰታ ከሄድሽ ሽሮና ጎመን አብራችሁ ከአንድ ትሪ ትበላላችሁ። ከሐይቁ የወጣ ዓሣ ከቀረበ ደግሞ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለንስሐ አባትሽ ተዪው። አሰላን ግን ጾሙ ከተፈታ በኋላ፣ ከነሐሴ 16 ወዲያ አድርጊው፤ ለአያትሽ ዶሮ ሳይሠራልሽ ብትሄጂ ቅር ይላታል።

ባዶ እጅሽን አትምጪ፣ ብዙም አትሸከሚ። ቡና፣ ስኳር፣ ለአክስትሽ ዕጣን። ገንዘብ የምትሰጪ ከሆነ በሰው ፊት አይሁን። ዱዓ ሊያደርጉልሽ ይጠራሩ ይሆናል፤ ጫቱን ባትቀምሺም ከመካከላቸው ቁጭ በይ፣ አሚን በይ። ቸኩለሽ አትነሺ።


የሳሪሷ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንዳንዱን አንብቤ ስቄአለሁ፣ አንዳንዱን ሳነብ ግን ኦዲተሩ «ምን ሆንሽ?» ብሎኛል።

ለዕቁብ ዳኛው፦ አዎ፣ በልቻለሁ። ለዳኛችን ዛሬ በምሳ ሰዓት ነገርሁት፤ ወንድሜ ይጥልልኛል፣ ዋሶቼም ተስማምተዋል። ዳኛው መጀመሪያ ያለው «ለሌሎቹ ልንገር?» ነው። አትናገር ብዬዋለሁ፤ እንግዲህ እናያለን።

እትዬ፣ የጻፉትን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብሁላት። ስለ ድንኳኑ ሲደርስ ዝም አለች። ስለ ቅያሜና ሣጥን የጻፉት ላይ ስንደርስ ግን «ይህቺ ሴትዮ ማን ናት?» አለች። ሐይቅ መሄዴን አልፈቀደችም፤ አልከለከለችምም። ማታ ላይ ግን ለአክስቴ የሚወሰደው ቡና ከየትኛው ሱቅ እንደሚሻል ነገረችኝ፤ ከእናቴ ይህ ፈቃድ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አሰብሁ። በጾሙ፣ ፈቃዴን ወስጄ በአውሮፕላን ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ሐይቅ፣ እዚያ አድራለሁ። ጾሙ ሲፈታ አሰላ። ለአያቴ ራሴ እነግራታለሁ፤ አጎቶቼን ግን አስቀድሜ አስታውቃቸዋለሁ፣ እዚያ ደርሼ እንዳንጣላ። ትልቁ አጎቴ ተቆጥቷል፤ «የሆነ ነገር ብትሆን ኃላፊው አንቺ ነሽ» ብሏል። ይህ ነገር አላስፈራኝም አልልም። ሐዋሳ ላለችው ጓደኛዬ ደወልሁ፤ ሳልጨርስ «ለመስቀል እመጣለሁ» አለችኝ። የአዲስ አበባዎቹ ቡና ደግሞ ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ይሁን።

አፌን የያዝሁ፣ ስለ ልመናው ያልኸው ልብ ውስጥ ገብቷል። ኮተቤ ያለችው የአጎቴ ሚስት ገና ምንም ሳልነግራት ትናንት ደውላ ስለ ልጇ ፓስፖርት ጠየቀችኝ። ማን እንደነገራት እስካሁን አላወቅሁም።

ለበረዶ የለመደ፦ የዩኒቨርሲቲ ማስረጃዬን ሰኞ እጀምራለሁ። ጭኮ ግን ትንሽ ይዤ እመጣለሁ፤ እዚያ ሲደርስ አስታውቃለሁ፣ ከወሰዱት ይውሰዱት።

አንድ ጥያቄ ለደሴ ሰዎች፦ ኮምቦልቻ ያረፍሁት ከሰዓት በኋላ ቢሆን፣ ከደሴ ወደ ሐይቅ የሚወጣ ሚኒባስ በዚያ ሰዓት ይገኛል ወይስ ደሴ ላይ ማደር አለብኝ?


የደሴ መስመር፦

ይገኛል፣ ሲሞላ ነው የሚወጣው እንጂ ሰዓት የለውም። ነገር ግን በዝናቡ ሰሞን እየመሸ ሲሄድ ተሳፋሪው ይሳሳል፤ ሳይሞላ ደግሞ አይወጡም። በረራሽ ከዘገየ ደሴ እደሪ፣ ጠዋት በመጀመሪያው ውጪ። ማደሪያ ካጣሽ መምህሯን ጠይቂያቸው።


ጡረተኛዋ መምህር፦

አልጋ አለ። በርበሬም የሚፈጭ አለ።